ደጊቱ አመመኝ ያለች ዕለት

በእኛ አገር ሰው የሚመሰገንባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ወንድ በፈረሱ፣ ቄስ በድምፁ፣ ሴት በቻይነቷ ትመሰገናለች። ደጊቱ ምስጋናዋን ያገኘችው በቻይነቷ ነው፤ እስክትጠግበውም አግኝታለች።

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አዋላጆቹ ተጠርተው ሲደርሱ ልጁ ወጥቶ፣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኟት። ጎረቤት ድምፅ አልሰማም። መንጋጋዋን በጉጠት የነቀለላት ሰውዬ «የሷን ጥርስ ይሁን የሌላ ሰው ጥርስ የነቀልኩት እስከ ዛሬ አልገባኝም» እያለ ገበያ ላይ ሲያስቅባት ኖሯል። በቅሎ ረግጣት አንድም ቃል ሳይወጣት እያነከሰች ውሃዋን ቀድታ ተመልሳለች። እነዚህ ወሬዎች በሰርግም በለቅሶም ይነገሩ ነበር፤ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ሲቆጡ «ደጊቱን አታዪም?» ይሉ ነበር። እኔ ዛሬ ሳስበው አንድን ሰው እንዲህ አድርጎ ማመስገን እጁን የፊጥኝ ከማሰር ብዙም አይለይም እላለሁ። ያን ጊዜ ግን እንደ ሰው ሁሉ አመስግኛለሁ።

ቤቷ ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚያወርደው የእግር መንገድ ዳር፣ የቀርከሃ አጥር ያለው ነው። ባሏ አየነው ገበሬ ነው፤ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም፣ ከፈረሱ ጋር ግን ያወራል። ሦስት ልጆች አሏቸው። እቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነው፤ አማርኛው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመት ያለፈኝ ዲያቆን ነበርኩ፤ በየወሩ በሃያ አንድ በምንጠጣው የማርያም ማኅበር የዕለቱን ንባብ የማነበው እኔ ነኝ። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ያላየሁትን ራሷ ደጊቱ በኋላ ነግራኛለች፣ ሳልጠይቃትም ጭምር።

ሕመሙ የጀመራት በ1945 ዓ.ም. ክረምት፣ ሦስተኛ ልጇን በወለደች በስድስተኛው ወር ነው። አንድ ጠዋት ተነሥታ መቀነቷን ልታስር ስትል ጣቶቿ እምቢ አሏት። አብጠዋል፣ ያተኩሳሉ፣ አይዘጉም፣ አይከፈቱም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ለቀቋት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከሳምንት በኋላ የእጇ አንጓ፣ ከወር በኋላ ጉልበቷ ተጨመረ። ብርድ ነው ብላ ቅቤ ተቀባች፤ ጤና አዳም አሸች፤ ለሌላ ጉዳይ የሄደች መስላ ጠበል ተጠመቀች። አሁን የከተማ ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ቁርጥማት፣ ገላ የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲወጋ የሚመጣ ነው ይሉታል፤ ይመጣል፣ ጋብ ይላል፣ ጨርሶ ግን አይለቅም። በዚያ ዘመን ይህን የሚያውቅ ሰው በአገው ምድር እኔ አላጋጠመኝም። ቢኖርም ደጊቱ አትነግረውም ነበር።

ዶሮ ሳይጮኽ ትነሣለች። ውሃ ታሞቅና እጆቿን ነክራ ጣቶቿ እስኪፈቱላት ትጠብቃለች። አየነው ሲነቃ እሳቱ ነዶ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ሚስቱ ደህና ሆና ያገኛታል። በር በክርኗ መክፈት ተማረች። እንስራ በክንዷ አቅፋ ማንሣት ተማረች። መፍተል ግን በክርን አይሆንም፤ ስለዚህ «ዓይኔ ደከመ» ብላ ጥጧን በገብስ ለሌላ ሴት ታስፈትል ጀመር። ያ ደከመ የተባለው ዓይን ከሐይቁ ማዶ የሚመጣው ፈረስ የማን እንደሆነ ይለይ ነበር። ማንም ልብ አላለም።

ከሁሉ የከበዳት ሰላምታ ነው። የእኛ አገር ሰው እጅ ሲጨብጥ እርፍ የጨበጠ ይመስለዋል፤ ይዞ ይወዘውዛል፣ የከብቱን፣ የልጁን፣ የአዝመራውን ደህንነት ጠይቆ እስኪጨርስ አይለቅም። ደጊቱ ገበያ መሄድ ቀነሰች። መንገድ ላይ ሰው ስታይ እጇን ነጠላዋ ሥር ታስገባና ራሷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። «ደጊቱ ኮራች» ተባለ። ሰማች፤ አልመለሰችም። መኩራቷ ቢወራ ከመታመሟ ይሻላታል።

ደህና ወራትም ነበሩ። አንዳንድ በጋ ሕመሙ ድንገት ትቷት ይሄዳል፤ ጣቶቿ ይላላሉ፣ እንደ ልጅነቷ ትሮጣለች። ያን ጊዜ ይቅር ተባልኩ ብላ ታምናለች። መልሶ ሲይዛት ደግሞ ምን እንዳጠፋች ስትፈልግ ትከርማለች፦ ጾም ሳይፈታ የቀመሰችው ነገር ይሆን፣ ለአማቷ በሆዷ የተናገረችው ይሆን፣ ከጎረቤት ተውሳ ሳትመልስ የቀረችው ወንፊት ይሆን። ወንፊቱን መለሰች። ጣቶቿ ግን አልተመለሱም፤ በአምስተኛው ዓመት ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ መጉበጥ ጀመሩ። ከሕመሙ ይልቅ ያደከማት ስሌቱ ነበር አለችኝ በኋላ፤ ዛሬ ምን መያዝ ይመጣብኛል፣ ማን ያየኛል፣ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ እያሉ ማደር። ሰው ሳቅ ሲል እንኳ ትናደድ ነበር። ልጆቿን ያለ ነገር ትቆጣና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፤ ያለ ድምፅ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። የደጊቱ ዝምታ በዘጠነኛው ዓመት ላይ ነቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1954 የካቲት ላይ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት መሪያችን፣ አያ በዛብህ ልጁን ዳረ። ሴቶቹ ከዳሱ ጀርባ ሲያበስሉ አንድ ትልቅ የወጥ ድስት ሊያር ሆነ፤ አንዷ «አውጡት!» ብላ ጮኸች። ቅርብ የነበረችው ደጊቱ ናት። መያዣውን ጨርቅ አነሣች፤ ጣቶቿ ሊጨብጡት አልቻሉም፤ ወደቀ። ድስቱን በሁለት ባዶ ክንዶቿ መሐል አጣብቃ አነሣችው፤ አምስት እርምጃ ወስዳ መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። የክንዷ ቆዳ ተልጦ ድስቱ ላይ ቀርቷል። ነጠላዋን አወረደችበትና ሽንኩርት ወደ መላጡ ተመለሰች።

እታለማሁ አጠገቧ ነበረች። እታለማሁ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ አገውኛ አትሰማም፤ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያየችውን ነገር ግን ሆዷ ማሳደር አይችልም። የተቃጠለውን ቆዳ ሽታ አሽትታለች፣ የደጊቱን ፊት አይታለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። የዚያን ዕለት ማታ ለአንድ ሰው፣ በማግስቱ ለሦስት ሰው ነገረች፦ «እሳት አልተሰማትም።»

ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ነውና ሌላዋ የጎበጡትን ጣቶች ጨመረች፤ ሌላዋ ነጠላ ሥር የሚደበቀውን እጅ፤ ሌላዋ ደግሞ ገበያ መቅረቷን። በዚያ ዘመን ጣቱ የጎበጠ፣ እሳት የማይሰማው፣ ከሰው የሚሸሽ ሰው በሽታው አንድ ስም ብቻ ነበረው። ቁምጥና። ስሙ ከወጣበት ሰው ጋር አብሮ የሚበላ የለም፤ ልጁን የሚያገባ የለም፤ ውሎ አድሮ እሱም ቤቱን ጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሚቀመጡት ጋር ይቀመጣል። ይህ ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲያ ነበር ማለቴ ነው።

ለደጊቱ የነገራት የለም። አንድ ቀን ግን ጠላ ጠጥታ የመለሰችውን ቅል ጎረቤቷ አምሳለ ከሌሎቹ ለይታ አጥር ላይ ስትሰቅለው አየች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ኩራቴ አስጠልቷቸው ይሆናል አለች። እኔስ? እኔ በመስከረም ሃያ አንድ ጽዋው ከእሷ ወደ እኔ ሲያልፍ «ጉሮሮዬን አሞኛል» ብዬ ሳልጠጣ አሳለፍኩት። ጉሮሮዬ ደህና ነበር። አሞኛል ማለት ለእኔ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

የጽዋው ነገር እንዲህ ነው፤ በየወሩ አንድ ቤት ይደገሳል፣ በዕለቱ ማብቂያ የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ጽዋውን ተቀብሎ በዝማሬ እየተሸኘ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በጥቅምት ሃያ አንድ ጽዋውን ተቀብላ ለኅዳር ጽዮን የምትደግሰው ደጊቱ ነበረች። ጥቅምት በገባ በሳምንቱ አያ በዛብህ አየነውን አጥሩ ጋ አስጠራው።

«አየነው፣ ጽዋው ዘንድሮ ይለፋችሁ።»

«ተራችን አይደለም እንዴ?»

«ተራችሁስ ነው። ሰው ፈራ።»

«ምኑን ፈራ?»

በዛብህ ምርኩዙን መሬት ላይ ሲያዞር ቆየና «የሚስትህን እጅ» አለው።

አየነው ገባው። ጽዋው ካለፋት፣ ማርያም ማኅበር ያላመናትን ሴት ማንም አያምናትም፤ በጽዋው ምክንያት ሁሉ ነገር ያልቅላታል። ለደጊቱ ሳይሸፋፍን ነገራት። «እኔ?» አለች። በማግስቱ ፈረሱ ላይ አስቀምጧት፣ ልጓሙን እሱ እየሳበ ወደ ዳንግላ ወሰዳት።

ዳንግላ ከተማ በዚያ ሰሞን መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር ነበር፤ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይጠብቀዋል። የደጊቱን ጣቶች አይቶ ቅንድቡን አነሣ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። በመርፌ ስነካሽ ተሰማኝ በይ፤ እሺ?»

«እሺ።»

ወጋት። ጸጥ አለች። ሌላውን ጣት ወጋት። ጸጥ። ሦስተኛውን ጠለቅ አድርጎ ወጋት፤ ደም ወጣ፤ ደጊቱ ዓይኗን እንደጨፈነች ናት። ድሬሰሩ በራፉ ላይ የተሰለፈውን ሰው ተመለከተና ወረቀት አወጣ። ጽፎ፣ አጥፎ፣ ለአየነው ሰጠው። «ትልቅ ሆስፒታል ውሰዳት» አለው።

አየነው ማንበብ አይችልም። ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቱን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጽዱ ሥር ተቀምጠን ነበር። እያፈርኩ አነበብኩላቸው፦ የጣቶች መጉበጥ አለ፣ በመርፌ ሲወጉ አይሰማቸውም፣ የሥጋ ደዌ ተጠርጥሯል።

አየነው አንገቱን ደፋ። ደጊቱ ግን ቀና አለች።

«ማን ነው የማይሰማው?»

«እርስዎ ነዎት እትዬ ደጊቱ። እንዲህ ነው የጻፈው።»

«ምነው አይሰማኝ! እሳት ነው እንጂ። እስከ ብብቴ ነው የገባው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም? ተሰማኝ በይ አላለም?»

እንግዳ ነገር እንደተናገርኩ ሁሉ አየችኝ።

«በሰው ፊት?» አለች።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ አማረኝ፤ ሁለቱንም ሳላደርግ ቀረሁ። ደረቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን ድስቱም፣ መርፌውም፣ ዘጠኙም ዓመት ያን ጊዜ ባንድ ጊዜ ገቡኝ። ይህች ሴት ሊያድናት የሚችለውን አንድ ቃል እንደ ነውር ደብቃው ኖራለች፤ እኛም ስለደበቀችው ስናመሰግናት ኖረናል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን በቃሉ የማያውቅ ሰው መካከላችን አልነበረም።

ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ነጋ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ሃያ ዓመት ንስሐ አባቷ ነኝ» አሉ። «በጾም ሳታውቅ የላሰችውን ቅቤ እንኳ ነግራኛለች። እጄን አመመኝ ብላኝ ግን አታውቅም። እኔም እጅሽ ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኋት።»

«እርስዎ ቢነግሯቸው ያምናሉ አባ።»

«አያምኑም። ቄሱ አዘነላት ይላሉ። ራሷ ትበል። በሃያ አንድ ከእነሱ ፊት እጇን እይዛታለሁ፤ እሷም ያመማትን ያህል ትናገር።»

ይህንኑ ለደጊቱ ነገርኳት። «ያመመዎትን ያህል ይበሉ፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብዎትም» አልኳት። «እሺ» አለች። እሺዋ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ዳንግላ ላይ ታይቷል፤ እስከ ሃያ አንድ ድረስ በደንብ አልተኛሁም።

የጥቅምቱ ማኅበር እታለማሁ ቤት ነበር። ሃያ ያህል ሰው ተቀምጧል፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን። ዳቦው ተቆርሷል፤ ጽዋው ቀይ ጨርቁን ለብሶ መሐል ተቀምጧል። ደጊቱ በሩ አጠገብ ናት። በእሷና በሚቀጥለው ሰው መካከል ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ፤ ቤቱ ጠቧቸው ሌሎቹ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተዋል፣ ያ ቦታ ግን ባዶ ነው። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄስ ነጋ ተነሡ።

«ስለ እህታችን የሚወራውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አብዛኞቻችሁም አውርታችኋል። በዚያ ደዌ የተያዘ እጅ ሕመም አያውቅም። ዛሬ እናያለን» አሉ። ወደ በሩ ሄደው ከደጊቱ ፊት በርከክ አሉና እጇን ከነጠላው ሥር አወጡት።

ሰው ሁሉ ያን እጅ ሲያየው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። አንጓዎቹ እንደ ድንች አብጠዋል፤ ጣቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘመዋል። ክንዷ ላይ የድስቱ ጠባሳ አለ። ቄስ ነጋ አውራ ጣታቸውን አንጓዋ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ተጫኑ።

ደጊቱ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ያምሻል ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባ» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። አምሳለ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። እኔ ደጊቱን በልቤ ሰደብኳት፤ እውነቱን ልናገር ብዬ የለ። ቄስ ነጋ ጨመር አድርገው ተጫኑ፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሯ ግን እንደተገጠመ ነው። አያ በዛብህ ለሌላ ሰው ሊያሳልፈው ብሎ ጽዋውን ለማንሣት እጁን ዘረጋ።

ይህን ጊዜ ከወንዶቹ ወገን አየነው ተነሣ። በማኅበር ላይ ተነሥቶ ሲናገር አይቼው አላውቅም። በአገውኛ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ነው መሰለኝ ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«ደጊቱ፣ እንቅልፍ ሲወስድሽ ታቃስቻለሽ» አላት። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሰማለሁ። ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተሽ እጅሽን ስትነክሪም ነቅቼ ነው የምተኛው። የተኛሁ እመስልሻለሁ። እንዳታፍሪ ብዬ ነው። አንቺ ከእኔ ትደብቂያለሽ፣ እኔ መስማቴን ካንቺ እደብቃለሁ። እኔም ደከመኝ።»

ደጊቱ ዞራ አየችው። እጇ አሁንም ቄሱ እጅ ውስጥ ነው።

«ነቅተህ ነው?» አለችው።

«ነቅቼ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ከዚያች ሴት ይወጣል ብሎ የጠበቀ የለም። ቄስ ነጋ እጇን እንደ ትኩስ ነገር ለቀቁት። ወይ አለች፣ ደግማ ወይ አለች፣ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት የሆናትን እናቷን ጠራች። ቃሉ ሁሉ በአገውኛ ነበር የሚወጣው፤ አምሳለ እያለቀሰች ለእታለማሁ በአማርኛ ትነግራታለች። ጣቴን ትላለች። ጉልበቴን ትላለች። መቀነቴን ማሰር አቃተኝ፣ ልጄን አንሥቼ መሳም አቃተኝ፣ ድስቱ አቃጠለኝ፣ መርፌው ወጋኝ ትላለች። በዚህ አላቆመችም፤ ያስነቀለችውን መንጋጋ አመመኝ አለች፤ በቅሎ የረገጣትን እግር አመመኝ አለች፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ያለ ድምፅ የወለደችውን ልጅ ምጥ ሳይቀር አመመኝ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስቅ ነበር።

እታለማሁ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ባዶውን ቦታ ተሻግራ፣ አጠገቧ ዘፍ አለች።

«ያን ድስት ስታነሺ ዝም አልሽኮ!» አለቻት፤ የምትቆጣ ይመስላል። «አጠገብሽ አልነበርኩም? ወይ ብትዪ አልቀበልሽም ነበር?»

«ዝም አልኩ» አለች ደጊቱ፣ አሁን በአማርኛ።

«እኔ ነኝ ያወራሁብሽ።»

«አውቄያለሁ።»

እታለማሁ ደረቷን መታች። ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔንስ የመጨረሻውን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ማሕፀኔ አልተመለሰልኝም። ስድስት ዓመቴ ነው። ለማን ነገርኩ?» አለች።

ከዚያ አምሳለ ስለሚያማት ጡቷ ተናገረች። ሌላዋ ስለሞተው ልጇ፣ ሌሊት ሌሊት ደረቷን ስለሚይዛት ነገር። በወንዶቹ በኩል አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ጎኑ ጀመረ፤ አያ በዛብህ ራሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንቱን ሲሸና እንደሚያቃጥለው ለቄሱ ሹክ ሊል ብሎ፣ የራሱ ጆሮ በደንብ ስለማይሰማ ቤቱን ሁሉ አሰማው። እኔ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁ። የዚያን ዕለት ንባቡ ሳይነበብ ቀረ፤ ቄስ ነጋም አንብብ አላሉኝም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አያ በዛብህ ጽዋውን ከነጨርቁ አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ደጊቱ ፊት ቆመና ዘረጋላት። ሰው ሁሉ ያያል። እሷም ጽዋውን አየችው፤ ሁለት እጇን ከነጠላዋ አወጣች፤ ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«አልችልም» አለች። «እጄን ያመኛል። አንዳችሁ ያዙልኝ።»

እታለማሁ ያዘችላት። ቀርከሃ አጥሩ ጋ እስክንደርስ ድረስ እየዘመርን ሸኘናት፤ መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ቆመን ጉልበቷን አሳረፍን፤ ቆዩኝ ያለችው ራሷ ናት። ኅዳር ጽዮንም ቤቷ ተደገሰ፤ ያበሰሉት ሌሎች ሴቶች ናቸው፣ እሷ ተቀምጣ ታዝዛለች፤ ማዘዙን እንደወደደችው ያስታውቅ ነበር።

አልዳነችም። ይህን የምጽፈው ሰው ተአምር እንዳይጠብቅ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ሕመሙ ብሶ ለሁለት ወር አልጋ ላይ ዋለች፤ መሞት የተመኘችባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ያን ጊዜም መሞት አማረኝ ብላ ተናገረች፤ ስለተናገረች አንዷ ጎረቤት ቁጭ ብላ ታመሻለች። ጣቶቿ ከዓመት ዓመት ይብሱ ነበር። አየነው ጠዋት ጠዋት መቀነቷን ያስርላታል፤ አጥብቀኸዋል፣ አላልተኸዋል ስትለው አጥር ውጭ ድረስ ይሰማል። ቻይዋ ደጊቱ በእኛ አገር አፏን የማታሳርፍ ሴት ሆነች፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ሲቆጡ ስሟን መጥራት ተዉ።

እኛ ሁላችን እንዴት አደርክ ሲሉን፣ ቤታችን ተቃጥሎ ቢያድር እንኳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። ደጊቱ ግን መንገድ ላይ እንዴት አደርሽ ሲሏት ቆም ትላለች። እግዚአብሔር ይመስገን ትልና «ግራ እጄ ዛሬ አላስተኛኝም፤ ቀኙ ይሻላል፤ ጉልበቴን ግን ተወው» ብላ ትጀምራለች። ሰዉም እንስራውን እንደተሸከመ፣ በጎቹን እንደነዳ፣ ጨርሳ እስክትነግረው ድረስ ቆሞ ይሰማት ነበር።